የሚያስፈራ የኦርጋን ድምፅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለምን አይወደድም? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የሥራ ባልደረባዬ ሠርግ ተጠርቼ አንድ ያረጀ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ሙሽሮቹ ገና አልደረሱም። ከኋላችን ኦርጋኑ ሲጀምር የተቀመጥኩበት አግዳሚ ነዘረ። አብሮኝ የመጣው ሐበሻ ጓደኛዬ ጠጋ ብሎ «ሠርግ ነው ቀብር?» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ ያንኑ ጥያቄ በሌላ በሌላ መልክ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ውጭ አገር የሚኖሩ፣ ፊልም የሚወዱ፣ ኪቦርድ የሚጫወቱ። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኦርጋን» ሲባል ያ ኪቦርዱ ነው እንዴ?

አይደለም። እኛ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ኪቦርድ ኦርጋን ማለት ስለለመድን ቃሉ ያምታታል። እዚህ የማወራው ስለ ቧንቧ ኦርጋን ነው። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ወናፍ አየር ያምቃል፣ ልክ እንደ ብረት ቀጥቃጩ ወናፍ። ዛሬ በሞተር ይነፋል እንጂ ድሮ የሰው ጉልበት ነበር። ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን አየሩ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ እንደ ዋሽንት ይጮኻል። አንድ ቧንቧ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ ኦርጋኖች በሺህ የሚቆጠሩ ቧንቧዎች አሏቸው።

ከመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን መሣሪያ ነበር?

ኧረ በጭራሽ። የተፈለሰፈው እስክንድርያ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን፣ ክቴሲቢዮስ በሚባል መሐንዲስ እጅ። ያኔ የአየሩን ግፊት የሚጠብቀው ውኃ ነበር። ሮማውያን ደግሞ ወደ መዝናኛ ሜዳ ወሰዱት። ሊቢያ ውስጥ ዝሊተን ላይ የተገኘ አንድ ሞዛይክ ግላዲያተሮች ሲፋለሙ ከጎናቸው ኦርጋን ሲጫወቱ ያሳያል። ሰው ሲሞት የሚያጅብ ሙዚቃ ነበር ማለት ነው። የጥንት የቤተ ክርስቲያን አባቶች የሙዚቃ መሣሪያ ሲባል ፊታቸውን ያጠቆሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

በ757 የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ 5ኛ ለፍራንኮች ንጉሥ ለፔፒን ኦርጋን በስጦታ ላከለት። ምዕራቡ ዓለም ያኔ እንደገና ተዋወቀው፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ገዳማትና ካቴድራሎች ገባ። የሚገርመው፣ ስጦታውን የላኩት ራሳቸው ኦርጋኑን ለቤተ መንግሥትና ለፈረስ ግልቢያው ሜዳ እንጂ ለቤተ ክርስቲያን አልተጠቀሙበትም።

ድምፁ ለምን ያስፈራል?

ግማሹ ተፈጥሮ ነው፣ ግማሹ ትዝታ። መጀመሪያ ተፈጥሮውን እንይ።

ትልልቆቹ ቧንቧዎች ወደ 10 ሜትር ይረዝማሉ። ድምፃቸው በሰከንድ 16 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የሰው ጆሮ ደግሞ ከ20 በታች የሆነውን እንደ ዜማ መለየት ያቅተዋል። ጆሮ ያልለየውን ደረት ይቀበለዋል፤ ወንበሩ፣ ወለሉ፣ መስታወቱ ይቀበለዋል። አንድ ነገር እየሆነ እንደሆነ ይሰማሃል፣ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ጓደኛዬን ቀብር ያስመሰለበት ይኸው ይመስለኛል። በ2003 ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች ኮንሰርት አዘጋጅተው በአንዳንዶቹ ሙዚቃዎች ሥር፣ ለአድማጩ ሳይነግሩ፣ በሰከንድ 17 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ለቀቁ። አድማጩ 750 ያህል ሰው ነበር። ያ ድምፅ በተለቀቀ ጊዜ «እንግዳ ስሜት ተሰማኝ» የሚለው ሰው ጨመረ፦ ጭንቀት፣ ሐዘን፣ የሚሰቀጥጥ ብርድ። የአንድ ቀን ሙከራ ነውና ከልክ በላይ አላጋንነውም። ኦርጋን አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ግን እንግዳ ወሬ አይደለም።

ሌላው ነገር ኦርጋን አይተነፍስም። ሰው ሲዘምር መሃል ላይ ትንፋሽ ይወስዳል። ክራር ሲመታ ድምፁ ወዲያው መሞት ይጀምራል። የኦርጋን ድምፅ ጣት እስኪነሣ ድረስ አይደክምም፣ አይቀንስም። ሕያው ነገር እንዲህ አይጮኽም። እናም አብዛኛውን ጊዜ ተጫዋቹ ከኋላ ሰገነት ላይ ተደብቆ ነው የሚጫወተው። ማን እንደሆነ የማይታይ፣ የማይተነፍስ፣ ከጀርባ የሚመጣ ድምፅ! በድንጋይ ጣሪያ ላይ ሲያስተጋባ ደግሞ አስቡት።

የድራኩላው ፊልም ነገርስ?

ትዝታ ያልኩት እሱን ነው። ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን ብዙ ሲኒማ ቤቶች የራሳቸው ኦርጋን ነበራቸው። ተጫዋቹ ስክሪኑን እያየ ፍቅሩንም ሩጫውንም ጭራቁንም ያጅባል። ለጭራቁ ዝቅ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይመርጣል። በ1925 በወጣው የፓሪስ ኦፔራ ቤት ጭራቅ ፊልም ላይ ተዋናዩ ሎን ቼኒ ኦርጋን እየተጫወተ ሳለ ልጅቷ ከኋላ መጥታ ጭንብሉን ትገፈዋለች። ያ ትዕይንት የዘመናችንን የኦርጋን ስም ያበላሸው ይመስለኛል። በ1931 የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ፊልም ሲመጣ መክፈቻው በጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ በባኽ ስም የሚታወቀው የኦርጋን ድርሰት፣ የዲ ማይነር ቶካታ ሆነ። ታውቁታላችሁ፤ ሦስት ድምፅ እንደሰማችሁ የሌሊት ወፍ የምትፈልጉበት። ሊቃውንት ባኽ ራሱ ነው የጻፈው ወይስ ሌላ ሰው እያሉ እስካሁን ይከራከራሉ። በምንም መንገድ ስለ ጭራቅ የተጻፈ አይደለም።

በ1935 ደግሞ የሃሞንድ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ገበያ ላይ ዋለ። የሬዲዮ ተራኪዎች ለአስፈሪ ድራማ ወሰዱት። የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ለወንጌል መዝሙር ወሰዱት፤ ሰባኪው አንድ ቃል ይላል፣ ሃሞንዱ ይመልስለታል፣ ሕዝቡ ይነሣል። መሣሪያው ያው አንድ ነው። አንዱ ቤት ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ይደበቃል፣ አንዱ ቤት ሰው እልል ይላል።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ በገና ነው። ያ ከጅማቱ ሥር ባለው ቆዳ የሚመጣው የሚነዝር ወፍራም ድምፅ ለማያውቀው ሰው ሊከብደው ይችላል። አንድ የውጭ አገር ሰው «ይህ የሙታን ሙዚቃ ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ለእኔ ግን ሁዳዴ ነው፤ የእናቴ ሬዲዮ፣ የሽሮ ሽታ።

እግዚአብሔርን መፍራት ትክክል አይደለም እንዴ? ታዲያ የሚያስፈራ ሙዚቃ ምን ነውር አለው?

ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የምወደው ይሄን ነው። «የጥበብ መጀመሪያ እግዚአብሔርን መፍራት ነው» ብሎ ያደገ ሰው ሊጠይቀው ይገባል።

ፈሪሃ እግዚአብሔርና ድንጋጤ ግን ለየብቻ ናቸው። በፈሪሃ እግዚአብሔር ሰው ማን ፊት እንደቆመ ያውቃል። የጭራቅ ፊልም ድንጋጤ የሚሠራው ግን ሰውየው ምን እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው። ይህን ልዩነት የተናገሩት የዘመናችን ሰዎች ብቻ አይደሉም። በ12ኛው መቶ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ የሪቮ ገዳም መነኩሴ የነበረው አይልሬድ በቁጣ ጽፏል። ያ አስፈሪ የወናፍ ጩኸት ለምን ያስፈልጋል ይላል፤ ከሰው ድምፅ ጣዕም ይልቅ ነጎድጓድ ነው የሚመስለው። ሕዝቡ እየተንቀጠቀጠ፣ አፉን ከፍቶ ይቆማል። ለጸሎት ሳይሆን ለቲያትር የመጣ ይመስላል።

ነጎድጓድ ያለው ዝም ብሎ አይደለም። ከእሱ በፊት በ10ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዟ ዊንቸስተር ስለነበረው ኦርጋን የተጻፈ ግጥም አለ። 400 ቧንቧ፣ 26 ወናፍ፣ ላብ በላብ ሆነው የሚነፉ 70 ወንዶች። ሰዉ ጆሮውን በእጁ ይይዝ ነበር ይላል። ገጣሚ ነውና ትንሽ ሳይጨምርበት አልቀረም።

የአይልሬድን ክስ ልብ ብላችሁ አንብቡት። ፍርሃቱን ራሱን አይደለም የሚከስሰው። ሕዝቡ ተመልካች መሆኑን ነው። እኔም የምስማማው እዚህ ላይ ነው። የሚያስደነግጥ ሙዚቃ ሰውን ዝም ያሰኛል፣ ቃሉንም ይሸፍናል። ለመዘመር የመጣ ሰው አፉን ይዞ ከቀረ፣ ሙዚቃው ምንም ያህል ቢያምር ቦታውን ስቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሰሜን አፍሪካ ቅዱስ አውግስጢኖስ ተመሳሳይ ነገር ስለ ራሱ ተናዟል፦ ከቃሉ ይልቅ ዜማው ሲነካኝ እንደ ኃጢአት እቆጥረዋለሁ፣ ያኔ ዘማሪውን ባልሰማሁት እላለሁ። እሱ ኦርጋን አልሰማም። ያወራው ስለ ሰው ድምፅ ብቻ ነው!

ባኽ በኦርጋኑ ምክንያት ተገሥጿል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ቃለ ጉባኤው ዛሬም አለ። ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በጀርመኗ በአርንሽታት ከተማ የኦርጋን ተጫዋች ነበር። በ1705 መጨረሻ የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ታላቁን የኦርጋን ተጫዋች ቡክስተሁደን ሊሰማ ወደ ሉቤክ ሄደ። መንገዱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ በእግሩ እንደሄደ ይነገራል። አራቱ ሳምንት ወደ አራት ወር ሆነ። የካቲት 1706 የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪዎች አስጠሩት። ገና 21 ዓመት አልሞላውም።

ስለ ፈቃዱ ጠየቁት። ቀጥለው ወደ ሙዚቃው መጡ፦ መዝሙሮቹ ውስጥ ብዙ እንግዳ የዜማ ለውጦችና እንግዳ ድምፆች እየቀላቀልክ ምእመኑን ግራ አጋብተሃል አሉት። ሌላም ነገር ወጣ። ቀደም ሲል «በጣም ታስረዝማለህ» ሲባል ተናዶ ከመጠን በላይ ማሳጠር ጀምሮ ነበር። ልጅ ነበርና አኮረፈ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ በሽማግሌዎቹ ይስቃል። እኔ ለእነሱም አዝናለሁ። አንድ ገበሬ እሑድ ጠዋት ከልጅነቱ የሚያውቀውን መዝሙር ሊዘምር ይቆማል። ከላይ አንድ የ20 ዓመት ጎረምሳ ዜማውን ወዳልታወቀ ጫካ ይዞት ይጠፋል። ሙዚቃው ድንቅ ሊሆን ይችላል። ገበሬው ግን የቱ ጋ ይግባ?

ኦርጋኑን ጨርሰው ያስወጡ አሉ?

አሉ። ዙሪክ ውስጥ ተሐድሶ አራማጁ ዝዊንግሊ ኦርጋኖቹ ዝም እንዲሉ ካደረገ በኋላ በ1527 የትልቁ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ፈረሰ። ሰውየው ሙዚቃ የማይገባው እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ መሣሪያ አሳምሮ የሚጫወት ሰው ነበር። ኃይሉን ስለሚያውቅ ነው የፈራው። እንግሊዝ ውስጥም በ1644 ፓርላማው ኦርጋኖች ከአብያተ ክርስቲያናት ይነሡ ብሎ ደነገገ። በ1660 የንጉሡ አገዛዝ ሲመለስ ኦርጋኖቹም ተመለሱ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደንብ ምን ይላል?

የትሬንት ጉባኤ በ1562 በኦርጋንም ሆነ በዝማሬ የብልግና ነገር የተቀላቀለበት ሙዚቃ ከቤተ ክርስቲያን ይራቅ አለ። በ1903 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ ይበልጥ ግልጽ አደረጉት፦ ዋናው ዝማሬው ነው፣ ኦርጋኑ ይደግፈው እንጂ አይጫነው፤ ረጅም መግቢያም ዝማሬውን አይቅደመው። እዚያው ደንብ ላይ ፒያኖ፣ ከበሮና ጸናጽልን የመሳሰሉት ተከለከሉ። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ሮም እንደ ጫጫታ የቆጠረችው እኛ ጋ ያለ እሱ በዓል በዓል አይመስልም። በ1963 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ለቧንቧ ኦርጋን ልዩ ክብር ሰጥቶ፣ ለሌሎች መሣሪያዎችም በር ከፈተ።

ዛሬም በዐቢይ ጾም ኦርጋኑ፣ ከጥቂት በዓላት በስተቀር፣ ዝማሬ ለመደገፍ ካልሆነ ብቻውን አይጫወትም። የእኛን አገር ሥርዓት ለሚያውቅ ይህ አዲስ አይሆንበትም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ ሊቃውንቱ መቋሚያ ብቻ ይዘው ያዜማሉ።

ቤተ ክርስቲያን የከለከለችው «የሰይጣን ድምፅ» አለ ይባላል። ኦርጋን ላይ ይወጣል?

ይወጣል፣ ፒያኖም ላይ ይወጣል። በዶ-ሬ-ሚ አጠራር ከ«ፋ» እስከ «ሲ» ያለው ርቀት ነው። ለዘማሪ አስቸጋሪ ስለሆነ የድሮ አስተማሪዎች ሽሹት ይሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በአዋጅ እንደከለከለችው የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ሰይጣናዊ ስሙም በጽሑፍ የሚገኘው በ18ኛው መቶ ዘመን መባቻ አካባቢ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ወሬ ይጣፍጣል፣ ግን ወሬ ነው።

ቀብር ላይ እንኳ አስፈሪ ሙዚቃ አይፈቀድም?

ለዘመናት ይፈቀድ ነበር። የካቶሊክ የሙታን ቅዳሴ ስለ ቁጣ ቀን፣ ስለ መለከትና ስለ ፍርድ የሚናገር ረጅም መዝሙር ነበረው። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ ሥርዓቱ ሲታደስ ከቀብር ቅዳሴው ወጣ። ከፍርሃት ይልቅ የትንሣኤ ተስፋ ይቅደም ተባለ። ዜማው ግን ሥራ አላጣም፤ ፊልም ሠሪዎች ሞት ሊመጣ ሲል እሱን ይጠሩታል። አንዳንዶች መውጣቱ ያሳዝናቸዋል። እኔም ትንሽ ያሳዝነኛል፣ ለቅሶ ቤት ሰው ማልቀስ አለበት ብዬ ስለማምን።

አሜሪካ ውስጥ በሃሎዊን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ራሷ አስፈሪ የኦርጋን ኮንሰርት ስታዘጋጅ አየሁ። ይህስ?

አዎ፣ ብዙዎች ያደርጉታል። ኒው ዮርክ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል በ1922 የተሠራውን ድምፅ አልባ የቫምፓየር ፊልም እያሳየ ኦርጋን አጅቦት ያውቃል። የእነሱ መልስ፣ ኮንሰርት ነው፣ አምልኮ አይደለም የሚል ነው። ለእኔ ሕንፃው አንድ ስለሆነ ትንሽ ይከብደኛል። ትኬት ገዝቼ አልገባም፣ የገባውንም አልፈርድበትም።

እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ይህ ሁሉ እኔን ምን አገባኝ?

በደንብ ያገባሃል። በእኛ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጸሎት ላይ ኪቦርዱ ከሥር ይለቀቃል። ብዙ ጊዜ ደስ ይላል። አንዳንዴ ግን ተጫዋቹ በግራ እጁ አንድ ወፍራም ማይነር ይዞ፣ ሳይዘጋው፣ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ያ በትክክል ፊልም ላይ በሩ ሊከፈት ሲል የሚሰማው ነገር ነው! በዚያ ላይ ወፍራሙን ድምፅ የሚያጎላው ስፒከር፣ ሳብዉፈሩ፣ ተጨምሮበታል። ሰዉ ልቡ ሲመታ «መንፈስ ወረደ» ይላል፤ ምናልባት የወረደው ቤዙ ነው።

ከጸለየው ሰው ድምፅ በታች ሁን። መሃለኛውን ኦክታቭ ምረጥ። ኮርዱን ዝጋው፣ አታንጠልጥለው። የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ አጥፋው። የመዝሙሩ መግቢያ ሰዉ የቱ ጋ እንደሚገባ ይንገረው እንጂ የአንተን ጣት አያሳየው። አንዳንዴም እጅህን አንሣ። ዝምታም ያጅባል።

በኦርቶዶክሱ በኩል ስለ ኪቦርድ የሚነሣው ክርክር ሌላ ነው። እዚያ ጉዳዩ ማስፈራቱ ሳይሆን ከያሬድ ዜማና ከነባሩ መሣሪያ ጋር መሄድ አለመሄዱ ነው።

ልጄ ኦርጋኑ ሲጀምር ያለቅሳል። ቤተ ክርስቲያን መቀየር አለብኝ?

አይ፣ መጀመሪያ ወንበር ቀይሪ። ትልልቆቹ ቧንቧዎች ካሉበት ግድግዳ ራቂ። ከዚያ አንድ ቀን ሰዉ ከወጣ በኋላ ተጫዋቹን ጠይቂው። እኔ ያገኘኋቸው ተጫዋቾች ሁሉ መሣሪያቸውን ማሳየት ይወዳሉ። ትንሿ ቧንቧ ከእርሳስ አትበልጥም፣ ድምፅዋም የወፍ ፉጨት ነው። ልጁ ቁልፏን ራሱ ይጫናት።

የእህቴን ልጅ ያስለመድናት እንደዚህ ነው። አራት ዓመቷ ነበር። ሰገነቱ ላይ ወጥታ ትልቁን ቧንቧ በጣቷ ነካ አደረገችና «ውስጡ ማን አለ?» አለች። ተጫዋቹ «ማንም፣ ነፋስ ብቻ» አላት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ማን አስቆጣው?» አለችው።